ጥቁር የለበሰች መልእክተኛ

ሚኒባሱ ገና ከአቀስታ ሳይወጣ መቅደላዊት አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት እየመረመረቻት እንደሆነ ታወቃት። ሴትየዋ የምታየው ፊቷን አልነበረም፤ ልብሷን ነው። ጥቁር ሻሽ፣ ጥቁር ሹራብ፣ እስከ ቁርጭምጭሚት የወረደ ጥቁር ቀሚስ። መቅደላዊት እንዲህ ያለውን ዓይን ስለለመደችው ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ውርጩ ከሜዳው ላይ ገና አልተነሳም። ገብሱ ታጭዶ በየማሳው ተከምሯል። በጎች ከድንጋይ ካቡ ሥር ተጠጋግተው ፀሐይ ይጠብቃሉ። አንድ ሰውዬ የበግ ፀጉር ባናውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ድንች ከጫነ አህያው ኋላ ይሄዳል፤ መኪናው አቧራውን ሲያለብሰው እንኳ ቀና አላለም።

«መንገድሽ እስከ መካነ ሰላም ነው?» አለች ሴትየዋ።

«አዎ፣ ለሥራ ነው። ነገ ደግሞ ቀጭን አምባ ልደርስ አስቤአለሁ።»

«የኛው አገር አይደል እንዴ። እዚያ ማንን ብለሽ?»

«ወይዘሮ የሻለምን።»

ሴትየዋ ጭኗ ላይ ያለውን የዘይት ጀሪካን አመቻቸች። «እኔ እታገኘሁ እባላለሁ፤ ከየሻለም ጋር በአጥር ነው የምንለያየው። ምነው፣ በደህና?»

«በደህና ነው። ልጃቸው አለኸኝ ደሴ እኔ ግቢ ተከራይቶ ነው የሚኖረው። በእናንተ በኩል ኔትወርክ ከጠፋ ስለቆየ ድምፃቸውን ማግኘት አቃተው። መልእክት ልኮኝ ነው። እሱ ደህና ነው።»

«ደህና ነው?»

«ደህና ነው።»

እታገኘሁ ዓይኗን ወደ ጥቁሩ ቀሚስ መለሰች። መኪናው ኮረኮንቹ ላይ እየዘለለ አንድ ቁልቁለት ጨረሰ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ጥቁሩስ፣ የማን ነው?» አለች።

መቅደላዊት እዚህ ላይ «የባሌ ነው» ብትል ኖሮ በማግስቱ የመጣው ሁሉ ባልመጣ። ግን ያ ቃል ከአፏ አይወጣም። ባሏ ከሞተ ሦስተኛ ዓመቱን ሊይዝ ነው። ዘመዶቿ ጥቁሯን ሊያስወልቋት ከአንዴም ሁለቴ ተሰብስበው መጥተው፣ ሻይ ጠጥተው፣ ስለ ኑሮ ውድነት አውርተው ተመልሰዋል። ለማታውቀው ሰው ስለ እሱ መናገር፣ ቤት የተቀመጠን ነገር አውጥቶ መንገድ ዳር እንደማስጣት ሆኖ ይሰማታል።

«ተዪው እቴ» አለች። «መንገድ ላይ የሚወራ አይደለም።»

እታገኘሁ የነጠላዋን ጫፍ ወደ ዓይኗ አነሳች። ከዚያ በኋላ አንድም ነገር አልጠየቀችም። ከቋጠሮዋ የባቄላ ቆሎ አውጥታ መዳፏ ላይ ዘረገፈችላት፤ ብርድ እንዳይመታት መስኮቱን ዘጋችላት፤ ከኋላ ሆነው የሚሳሳቁትን ጎረምሶች ዞር ብላ በዓይኗ ገሠጸቻቸው። መቅደላዊት የአገሩ ሰው ደግነት ነው ብላ ተቀበለችው። መካነ ሰላም ሲደርሱ እታገኘሁ፣ «በይ እግዜር ያበርታሽ» አለቻትና ከነጀሪካኗ በሰዉ መሃል ተሰወረች። ዘይት የያዘ ሰው እንዲህ ሲጣደፍ መቅደላዊት አይታ አታውቅም።

እሷን ያስጨነቃት ግን ሌላ ነበር። አለኸኝ መልእክቱን ሲሰጣት የግቢውን በር ይዞ፣ እግሩ ሥር ያለውን ጠጠር እያየ ነው የተናገረው።

«እትዬ፣ መጀመሪያ ደህና ነው ይበሏት። እሱን ስትሰማ ልቧ ይረጋል። ከዚያ ብቻዋን ስትሆን፣ ቀስ ብለው…»

እናቱ የጎረቤቱን የአቶ አሻግሬን ልጅ ዝናሽን አጭታለታለች። ሠርጉ ለጥር ተቆርጧል። አለኸኝ ደግሞ ደሴ ላይ በአናጢነት እየሠራ ከአንዲት ልጅ ጋር ጎጆ ቀልሷል፤ ልጅቱም መውለጃዋ ደርሷል።

«አንተ ራስህ ሄደህ ብትነግራት አይሻልም?» ብላው ነበር መቅደላዊት።

«እኔ ከሄድኩማ ሳይሞሽሩኝ አይለቁኝም። እሷንስ በዚህ ሰዓት ለማን ጥያት ልሂድ?» አለና ቀጠለ። «ብቻ አደራ፣ የእናቴ ልቧ ደካማ ነው። አምና አሟት ሐኪሙ ድንጋጤ አይሆናትም ብሏል።»

መቅደላዊት ደሴ ኮሌጅ ውስጥ ታስተምራለች። ወደ መካነ ሰላም የመጣችው እዚያ ትምህርት ቤት የተመደቡ ተማሪዎቿ ልምምዳቸውን እንዴት እንደያዙት ለማየት ነው። በማግስቱ ጠዋት ክፍል ኋላ ተቀምጣ አንዱን ስትከታተል፣ ልጁ በጥቁር ሰሌዳው ላይ የዓባይን ገባሮች ይስላል፤ እሷ ግን በልቧ ዓረፍተ ነገር ትሰካለች። «ልጅዎ ደህና ነው፣ ግን…» «ልጅዎ ደህና ነው፣ አንድ ነገር ብቻ…» ሁሉም «ግን» ላይ ሲደርስ ይሰበራል።

ሥራዋን ጨርሳ ስትወጣ ገበያው ደርቷል። ወንዶች የበግ ጀርባ በጣታቸው እየጫኑ ስቡን ይመዝናሉ፤ ሴቶች ነጭ ሽንኩርትና ድንች በፊታቸው ከምረዋል፤ አንድ ሰውዬ ደርዘን የሚሆን ባና ትከሻው ላይ ደርቦ እንደ ቤት ይንቀሳቀሳል። ባጃጅ አስቆመች። ሾፌሩ ዘፈኑን ለቆታል።

«ወዴት ነው እትዬ?»

«ቀጭን አምባ ሥር፣ መንገዱ እስከሚያበቃበት።»

ሾፌሩ ዞሮ አያት። ከዚያ እጁን ሰዶ ዘፈኑን ዘጋው። መንገዱን ሁሉ አንድ ቃል ሳይናገር ነዳ፤ ጉድጓድ ሲመጣ ዕንቁላል እንደጫነ ቀስ ይላል። ሲያወርዳትም የዘረጋችለትን ብር በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ «አይዞዎት» አላት።

ምን ሆንኩ ብላ ነው የምትጽናናው? ወደ ላይ ስትመለከት ከመንገዱ በላይ አውድማ አለ። በሬዎቹ ገብሱን እየረገጡ ይዞራሉ፤ የሚነዷቸው ሰዎች እሷን ሲያዩ አለንጋቸውን አወረዱ። አንደኛው ባርኔጣውን አወለቀ። በሬዎቹ ግን ማንም ሳይነዳቸው መዞራቸውን ቀጠሉ።

ያኔ መቅደላዊት ነገሩ የገባት መሰላት። ወይዘሮ የሻለም ሞተዋል ማለት ነው። ያ ደካማ ልብ ሳልደርስለት ቆሟል፤ ሰዉም የመጣሁት ለቅሶ ነው ብሎ ነው ይሄ ሁሉ። ለአለኸኝ ምን ብዬ ልነግረው ነው? ይህን እያሰበች ወደ መጨረሻዋ ሱቅ አመራች። ከሱቋ አጠገብ ልጆች ቁርዓን የሚቀሩባት ደሳሳ ጎጆ አለች፤ የእንጨት ሰሌዳዎቻቸው ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል፤ ልጆቹ ግን የሉም።

ሱቋ ውስጥ አበባማ ሻርፕ የደረበች ወጣት ሴት ስኳር ትቋጥራለች። ስሟ ረምዚያ ነው።

«የወይዘሮ የሻለም ቤት በየት በኩል ነው?»

«ወዲያ ከባሕር ዛፉ በላይ። መጀመሪያ ግን ይቀመጡ፣ ውሃ ይጠጡ።» ረምዚያ በርጩማ አወጣችላት። «ሰዉ ሁሉ ወጥቷል። ሸህ አብዱልጀሊልም ልጆቹን አሰናብተው ወጥተዋል። እርስዎን ነው የሚጠብቁት።»

«እኔን? ወይዘሮ የሻለም ምን ሆኑ?»

«እሳቸውማ እስካሁን አልሰሙም።»

«ምኑን?»

«የልጁን ነዋ። እርስዎ ይዘውት የመጡትን መርዶ።»

መቅደላዊት በርጩማው ላይ ተቀመጠች።

«እኔ መርዶ አልያዝኩም። ልጁ በሕይወት አለ። ከትናንት ወዲያ ጠዋት በር ከፍቶልኝ ነው የወጣሁት። ማን ነው እንዲህ ያለው?»

«ማንም አላለም። እታገኘሁ ትናንት ስትገባ፣ ‹ደህና ነው ብላኛለች› አለችና አለቀሰች።»

«ደህና ነው ካልኳት ለምን ታለቅሳለች?»

ረምዚያ ትንሽ ልጅ የምታስረዳ ይመስል ለስለስ ብላ አየቻት። «መርዶ የያዘ ሰው ሌላ ምን ይላል ብለው ነው? ደህና ነው ነው የሚለው። ቤት እስኪደርስ፣ ሰው እስኪሰበሰብ ድረስ። ደግሞ ጥቁር ለብሰው። ደግሞ መንገድ ላይ የሚወራ አይደለም ብለው።»

መቅደላዊት ያለችው ቃል ከሌላ ሰው አፍ ተመልሶ ሲመጣ ሰማችው። በእርግጥም መርዶ ይመስላል።

«የባሌ ነው» አለች። ድምጿ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «ጥቁሩ የባሌ ነው።»

ረምዚያ የያዘችውን ስኳር አስቀመጠች። «አላህ ይዘንላቸው። ይሄን ብትያት ኖሮ ምን ነበረበት እህቴ?»

ረምዚያ የደረበችውን ሻርፕ አውርዳ ዘረጋችላት፤ በቀይ ላይ ቢጫ አበባ ያለበት ነው። መቅደላዊት እጇን ወደ ጥቁሩ ሻሽ ቋጠሮ ሰደደች። ጣቶቿ ቋጠሮውን አገኙት፤ ሊፈቱት ግን አልቻሉም።

«ተዪው» አለች ረምዚያ፣ ሻርፑን መልሳ እየደረበች። «አሁንስ ቢሆን ምን ይሠራል? ትናንት በጥቁር አይተውሽ ዛሬ በቀይ ብትመጪ፣ ልታታልለን ነው ነው የሚሉት። ይልቅ ተነሺ። ወይዘሮ የሻለም ሰው ሲሰበሰብ ዝም ብለው የሚቀመጡ አይደሉም፤ ይገባቸዋል። አብሽሪ፣ በአቋራጭ እወስድሻለሁ።»

አቋራጩ በፍየል መንገድ ሽቅብ የሚወጣ ነው። መቅደላዊት የከተማ ጫማዋ እያንሸራተታት፣ ትንፋሿ ከከፍታው ጋር እየታገለ ወጣች። የምታስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንዷ ጎረቤት አላስችል ብሏት እሪ ያለች እንደሆነ፣ ያ ልብ እዚያው ይቆማል። ልጁ ደሴ ውስጥ ሳንቃ እየላገ፣ እናቱ እሱን አልቅሳ ትሞታለች። እሱን ገድዬ እሷንም ልገድላት ነው።

ከባሕር ዛፉ ሲወጡ ግቢው ታየ። ወንዶቹ በካቡ ዳር ቆመዋል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተራ በተራ ተቀምጠዋል፤ እታገኘሁ ከፊት ናት። ማንም አያለቅስም። ዝምታው ግን ሊፈነዳ የደረሰ ነው። ወይዘሮ የሻለም በራቸው ደፍ ላይ ተቀምጠው የበግ ፀጉር ይፈትላሉ። ፊታቸው አመድ መስሏል፤ እንዝርቱ ግን መዞሩን አላቆመም።

«መጣች» አለ አንድ ሰው በሹክሹክታ።

ወይዘሮ የሻለም ቀና አሉ። ጥቁሩን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ነይ ልጄ፣ ቅረቢ» አሉ። «እነዚህ ከጠዋት ጀምሮ ግቢዬን ሞልተው ለምን መጣችሁ ስላቸው ሰላም ልንልሽ ነው ይሉኛል። ሸሁም ሰላም ሊሉኝ፣ እኚህ ባለ በትሩ ጋሽ አሻግሬም ሰላም ሊሉኝ። በአንድ ቀን ይሄን ያህል ተወድጄ አላውቅም። አንቺ ንገሪኝ።»

መቅደላዊት ፊታቸው ተንበረከከች። «እናቴ፣ አለኸኝ ደህና ነው።»

ከኋላዋ ሴቶቹ በአንድነት ትንፋሻቸውን ሳቡ። አንዷ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«እሱንማ እኔም ብዬ አውቃለሁ» አሉ ወይዘሮ የሻለም። «የእታገኘሁ ወንድም ሲሞት ደህና ነው ብዬ ከመካነ ሰላም ይዣት የመጣሁት እኔ ነኝ። ሙሉ መንገድ ደህና ነው ስላት ነበር። አይደል፣ እታገኘሁ?»

እታገኘሁ አንገቷን ደፋች።

«እውነቴን ነው። ይኸው ፎቶው፣ ባለፈው ሳምንት ያነሳሁት።» መቅደላዊት ስልኳን አወጣች። ፎቶውን ከፍታ ዘረጋችላቸው።

«ፎቶማ የሞተም አለው።»

«ጥቁሩ የባሌ ነው፣ እናቴ። የእሱ አይደለም።»

«ልጄ፣ እንዲህ በዪ ብለው አስተምረው ነው የላኩሽ?» የእንዝርቱ ክር ተበጠሰ። ወይዘሮ የሻለም የተበጠሰውን ጫፍ ይዘው አዩት፤ ግራ እጃቸው ወደ ደረታቸው ሄደ። ከናፍራቸው ቀለሙ ተለወጠ። አንዲት ሴት ልትደግፋቸው ተነሳች። እሪታው የሚጀመረው አሁን ነው።

መቅደላዊት ባሏ የሞተበትን ቀን አስታወሰች። እሷንም ከሥራ ቦታዋ ሲወስዷት «ትንሽ አሞት ነው» ብለዋት ነበር። ያን ቀን ሁሉም ሰው ማር ሆኖ ነበር። በአጥር ነገር ያኮረፈቻት ጎረቤቷ እንኳ ቦርሳዋን ተሸክማላታለች። ያን ቀን አንድ የሚያስከፋ ነገር የነገራት፣ አንድ የተቆጣት ሰው አልነበረም። መርዶ የያዘ ሰው ጣፋጭ ብቻ ነው የሚናገረው። በደግ ቃል እነዚህን ሰዎች የሚያሳምናቸው የለም።

ቀና ስትል አቶ አሻግሬን፣ የሙሽራይቱን አባት፣ በትራቸውን ተደግፈው ቆመው አየቻቸው። ብቻዋን ስትሆን፣ ቀስ ብለው፣ ብሎ ነበር አለኸኝ። ልቧ ደካማ ነው ብሎም ነበር።

«ዝናሽን አላገባም ብሏል» አለች መቅደላዊት፣ ጮክ ብላ።

አቶ አሻግሬ በትራቸውን ከመሬት አነሱ።

«ምን?» አሉ ወይዘሮ የሻለም።

«ሠርጉ ይቅር ብሏል። ደሴ ውስጥ ልጅ ይዟል። አርግዛለች፤ ዛሬ ነገ ትወልዳለች። እንዳይሞሽሩኝ ብሎ ፈርቶ ነው እኔን የላከኝ። እሱን ነው ይዤ የመጣሁት። ሌላ ነገር አልያዝኩም።»

ወይዘሮ የሻለም እጃቸው ደረታቸው ላይ እንዳለ ቆየ። ዓይናቸው የመቅደላዊትን ፊት ጥግ በጥግ ፈለገው። ከዚያ በጉንጫቸው ላይ ደም ቀስ እያለ ተመለሰ።

«ጌሾዬን ወቅጬ?» አሉ። «ብቅሌን አብቅዬ? ለዘመድ ሁሉ ተናግሬ?»

«አዎ።»

«ስሟ ማን ነው?»

«ሀይማኖት።»

«ሳይሞሸሩ አርግዞ ሀይማኖት።» ብድግ አሉ፤ እንዝርቱ ከጭናቸው ወድቆ ተንከባለለ። «ይሄ ቀጣፊ። ይሄ አባቱን የመሰለ ፈሪ። ሴት ልኮ ይደበቃል? እጄ በገባ።»

ከሴቶቹ መሃል አንዷ ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተች። እታገኘሁ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ትከሻዋ ይርገፈገፋል፤ ትሳቅ ታልቅስ አይታወቅም።

«ይሄ ሀቅ ነው» አሉ ወይዘሮ የሻለም ወደ ሰዉ ዞረው። «ለሞተ ልጅ እንዲህ ያለ ቅሌት የሚፈጥርለት ሰው የለም። አለ ማለት ነው። ልጄ አለ።» አሁን ብቻ ነው እንባቸው የወረደው፤ እያለቀሱም ስድባቸውን አላቋረጡም።

ሸህ አብዱልጀሊል እጃቸውን ዘርግተው «አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ ክርስቲያኑም እስላሙም አሜን አለ። ቀጥሎ ዓይን ሁሉ ወደ አቶ አሻግሬ ዞረ። ሰውዬው ጢማቸውን አሻሹ።

«ለቅሶ ብዬ መጥቼ ውርደት ይዤ ልመለስ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ይሁን። በሕይወት ካለ እከሰዋለሁ። ቢሞትማ የማዝነው እኔው ነበርኩ።» ከግቢው ሲወጡ ማንንም አልተሰናበቱም። ጉዳዩ ገና እንዳላለቀ ሁሉም ያውቃል፤ ሽምግልናው ምናልባት እስከ ፋሲካ ይዘልቃል። መቅደላዊት ጀርባቸውን እያየች የአፏን ቃል ልትመልሰው የምትችል ይመስል ከንፈሯን ነከሰች።

ሰዉ ወደየሥራው መበተን ሲጀምር ወይዘሮ የሻለም መልሰው ደፉ ላይ ተቀመጡና አጠገባቸው ያለውን ቦታ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉላት።

«እውነት የባልሽ ነው?»

«እውነት ነው።»

«ስሙን ማን ይሉታል?»

መቅደላዊት ወደ አውድማው አየች። በሬዎቹ እንደገና ሰው አግኝተዋል። «ውበቱ» አለች።

«ውበቱ» አሉ ወይዘሮ የሻለም። ከኋላ ሆነው እታገኘሁም፣ ያልሄዱት ሴቶችም ስሙን አንድ አንድ ጊዜ ጠሩት፤ ረምዚያም ጠራችው። ነፍሱን ይማር አሉ። ከጠዋት ጀምረው አፍነው የያዙት እንባ ነበራቸው፤ አንዳንዷ ነጠላዋን ሳታቃና ትንሽ አለቀሰችለት። መቅደላዊት አላለቀሰችም። ግን ተነስታ አልሄደችም፤ እስኪጨርሱ አብራቸው ተቀመጠች።

ፀሐይዋ ደንቆሮ ወደሚባለው ደን ስታዘነብል ረምዚያ እንሂድ አለቻት። ወይዘሮ የሻለም እንዝርታቸውን ከአፈር አንስተው የተበጠሰውን ክር ይቀጥላሉ።

«ለሠርጉ ባና ብዬ ነበር ይሄን» አሉ። «አሁን ትንሽዬ ትበቃለች። ለመሆኑ ስትወልድ ማን ሊያርሳት ነው?»

«አላውቅም፣ እናቴ።»

«እሱም አያውቅም። ምን ያውቃል?» ክሩን በምራቃቸው አርሰው ጠመዘዙት።

«ምን ልበለው ታዲያ?» አለች መቅደላዊት፣ ቦርሳዋን እያነሳች። «ደህና ናት ልበለው?»

«አዎ፣ ደህና ናት በዪው» አሉና ወዲያው ጥቁሩን ልብሷን አይተው እጃቸውን አወናጨፉ። «አይ፣ ተዪ። አንቺ ደህና ናት ካልሽው ይደነግጣል። በጣም ተቆጥታለች በዪው።»